አማቼና ምንም የማይሸከመው ብስክሌት

ብስክሌት የተሠራው ሊሸከም ነው። ይህን ለማስረዳት ወረቀት ማባከን አይገባም ነበር፤ ግን አሜሪካ መጥቼ፣ ኮሎራዶ አውሮራ ከልጄ ቤት ከገባሁ ወዲህ የሚሰማኝ ስላጣሁ ጻፍኩት። የእኔ ፊኒክስ ብስክሌት ባሕር ዳር ላይ ጤፍ ተሸክሟል። ለፋሲካ በግ ተሸክሟል፣ በጉ እስከ ቤት ድረስ ጀርባዬ ላይ እየጮኸ። ባለቤቴን ነጠላዋን ሰብስባ በጎን አስቀምጦ ቅዱስ ጊዮርጊስ አድርሷል። ከፊት ባለው አግዳሚ ብረት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬለት ልጄን ትምህርት ቤት አመላልሷል። ያቺው ልጅ አድጋ አሜሪካ ገባች፣ ባል አገባች፣ ባሏም ብስክሌት ገዛ። ይኸው አሁን ብስክሌቱ ምንም አይሸከምም፤ የምንሸከመው እኛ ነን።

አማቼ ክፉ ሰው አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪ ይሠራል። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ጠጪ ቢሆን ሽማግሌ ተሰብስቦ ይመከር ነበር። «አማቻችን ተራራ ለተራራ በብስክሌት ይሽቀዳደማል፤ የሚከፍለው የለም፣ እንዲያውም ከፋዩ እሱ ነው» ብዬ የትኛውን ሽማግሌ ላስቀምጥ? አማተር ይባላል አሉ። በእኛ ጊዜ ገንዘቡን አውጥቶ ነፍሱን የሚያስጨንቅ ሰው ጠበል ነበር የሚወሰደው።

እስቲ ብስክሌቱን ልንገራችሁ። የኋላ መጫኛ የለውም። የጭቃ መከላከያ የለውም፣ የተራራ ብስክሌት ተብሎ! ደወል የለውም፣ ዲናሞ የለውም፣ መቆሚያ የለውም። መቆሚያ ስለሌለው ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ግድግዳ ይደገፋል። ግድግዳው እንዳይፍቀው ደግሞ በመሐል ፎጣ ይገባለታል። ፎጣው የእኔ ነበር። ወደ ተራራው የሚሄደውም በእግሩ አይደለም፤ መኪና ላይ ተጭኖ፣ በቀበቶ ታስሮ ነው። እኔ ከኋላ ወንበር የምታሰረው ቀበቶ የሱን ያህል አይጠብቅም።

ይህ ሁሉ ጎድሎት፣ ያለውን ደግሞ ስሙ። ከኋላ ዐሥራ ሁለት ማርሽ አለው፤ ትልቁ 52 ጥርስ ነው። እኔ የቀሩኝን ጥርሶች አልናገርም። ከፊት በአየር የሚሠራ አሞርዛተር አለው፤ ለሱ አየር ለብቻው ፓምፕ አለ። መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ሲቀመጥበት ኮርቻው ዝቅ ይላል፣ ከላዩ ተነሥቶ እንደገና ሲጫናት ተመልሶ ብድግ ይላል። ቁልቁለት ላይ ገላውን ወደ ኋላ እንዲጥል ነው አሉ። ከተቀመጥኩበት ብድግ የሚያደርገኝ ቁልፍ ቢኖር እኔም በገዛሁ።

አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣው ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ የምንመዝንባት፣ መንጠቆ ያላት ትንሽ ሚዛን አለችን። በየሐበሻው ቤት አለች። አንድ ቀን ጋራዥ ብገባ አማቼ ብስክሌቱን በሷ አንጠልጥሎ ቁጥሩን እያየ ተክዟል።

«አባባ፣ 300 ግራም ጨምሯል» አለኝ።

«ጭቃ ነው ልጄ፤ እጠበው» አልኩት።

አጠበው። ጭቃ ነበር። ባለቤቴ በዚያች ሚዛን ላይ አንድ ጭብጥ በርበሬ ለመጨመር ስትማጸን እንዳልኖረች፣ እሱ ደግሞ ግራም ለመቀነስ ብሎን እየለወጠ ያድራል።

ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ሲያመጣው ደግሞ ፔዳል አልነበረውም። ረስተውት አይደለም። ውድ ብስክሌት ያለ ፔዳል ነው አሉ የሚሸጠው፤ ጋላቢው የሚመቸውን መርጦ ለብቻው ይገዛል። የሱ ምርጫ ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የሚቆልፍ ሆነ። ጫማው ሶል ሥር ብረት አለ፣ ብረቱ ፔዳሉ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ መጠምዘዝ ያስፈልጋል። የጠመዘዘ ይወርዳል፤ የረሳ ይወድቃል። አማቼ ደጃፋችን ላይ፣ ጎረቤት ሣር እያጨደ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ነው የወደቀው። ሰው ሲሮጥ ይወድቃል፣ ሰክሮ ይወድቃል፤ ቆሞ ሳለ፣ በቀን፣ በጾም አፉ የወደቀ ያየሁት እሱን ነው። ጎረቤትየው ማጨጃውን አጥፍቶ አጨበጨበለት።

የጎማውን ነገር ግን ላልፈው አልችልም። ከመነዳሪ የለውም። እኔ የማውቀው ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ ዘንድ ይሄዳል፤ ጎሚስታው ከመነዳሪውን አውጥቶ፣ ውሃ በሞላው ሳፋ ነክሮ፣ አረፋ የሚወጣበትን ፈልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ እፍ እያለ አድርቆ ይለጥፈዋል፤ እናንተም እስከዚያ የከተማውን ወሬ ሰምታችሁ ትጨርሳላችሁ። አማቼ ግን ጎማው ውስጥ ነጭ ፈሳሽ ይጨምራል። እዚህ አገር ያለው እሾህ የእኛው ኩርንችት ነው፤ ባሕር ማዶም ተሻግሮ ያው ራሱ፣ በየመንገዱ ዳር ተነጥፏል። አንድ ቀን ጎማውን ወግቶት ገባ። አማቼ እሾሁን ሲነቅለው ነጩ ፈሳሽ ፊን ብሎ ወጣ፤ ቸርኬውን ሁለት ጊዜ አሽከረከረው፣ ቀዳዳው ሥር አደረገው፣ ፈሳሹ እዚያው ረጋና ደፈነው። መድፈኑን ደፍኗል፤ አልክድም። ግን ፊን ያለው በረንዳ ላይ ለፀሐይ በተሰጣው ጋቢዬ ላይ ነው። ጎማው ተጠግኖ ተራራ ወጣ። ጋቢዬ በሳሙናም በበረኪናም አልለቀቀም።

እሽቅድምድሙ በጸደይ ይጀመራል፤ ዝግጅቱ ግን በክረምት፣ ከምድር ቤት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከበታቼ አንድ ነገር እንደ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል። የኋላው ቸርኬ ተፈትቶ ብስክሌቱ ማሽን ላይ ታስሯል፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥን ተከፍቷል፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ተራራ አለ፣ አማቼ ያንን ተራራ ይወጣል። ጉልበቱን በዋት ይለካል። «ዛሬ ለ20 ደቂቃ 250 ዋት አወጣሁ» ሲለኝ፣ «ታዲያ ለምን የመብራት እንከፍላለን?» አልኩት። ሳቀ። የመብራቱ ሂሳብ ግን ከፍ ብሎ ነው የመጣው።

በዚሁ መሐል ዐቢይ ጾም ይገባል። ይጾማል፤ ይህን አልነፍገውም። ታዲያ በጾሙ መጀመሪያ ከአንድ ትልቅ ቆርቆሮ ዱቄት እየዛቀ በውሃ በጥብጦ ሲጠጣ አየሁና መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩ። «ዌይ» ይላል። ልጄን ጠየቅኳት።

«አጓት ነው አባዬ፤ የደረቀ» አለች።

በዐቢይ ጾም አጓት! ባለቤቴ አማተበች። ሰውየው ራሱ ደነገጠ፤ ቆርቆሮውን ለሥራ ባልደረባው ሰጥቶ በማግስቱ ሌላ ገዝቶ መጣ። የጾም ነው፣ ከአተር የተሠራ ነው አለን። የአተር ዱቄት! እኔና ባለቤቴ ተያየን። ቁም ሣጥናችን ውስጥ ከባሕር ዳር በሻንጣ የመጣ፣ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ከነቅመሙ የተፈጨ ሽሮ ተቀምጧል። እሱ የሚጠጣው ያንኑ አተር ነው፤ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቫኒላ ገብቶበት። ዋጋውን ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ደም ግፊት አለባት።

የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ የመጡ ዕለት ደግሞ አማቼ ከምድር ቤት ሲወጣ ሳሎን ላይ ገጠሙት። ቆዳ ላይ የተለጠፈ ቁምጣ፣ የተላጨ እግር፣ ከአናቱ እስከ ተረከዙ ላብ።

«ልጄ፣ ከየት ነው የመጣኸው?» አሉት።

«ከታች ነው አባ። ሁለት ሰዓት ነዳሁ።»

«የት ደረስክ?»

«የትም።»

አባ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ ምን ልበላቸው? ጠበሉን ሳሎኑን ረጩ፣ ጓዳውን ረጩ፣ ጋራዥ ገብተው ብስክሌቱንም ረጩት። አማቼ መስቀል ተሳልሞ ከሸኛቸው በኋላ ጨርቅ ይዞ ሲሮጥ አየሁት። ጠበሉ ኩሽኔታው ውስጥ እንዳይገባ ሊጠርግ ነው።

መጋቢት ሲብት ወደ ሜዳ ይወጣል። በዴንቨር አካባቢ በረዶ በብዛት የሚጥለው በታኅሣሥ እንዳይመስላችሁ፤ መጋቢት ነው። ጸደይ የሚሉትም ይህንኑ ነው። ዛሬ በረዶ፣ ነገ ፀሐይ፣ ከነገ ወዲያ ጭቃ። ጭቃው ሲመጣ የተራራው መንገድ ይዘጋል፣ የተራራ ብስክሌተኞችም ቤት ይቀመጣሉ። ምክንያቱን አስረድቶኛል፦ እርጥብ መሬት ላይ ከተነዳ ጎማው ቦይ ያወጣል፣ ቦዩ እንዳለ ይደርቃል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ውሃ ይሄድበታል፣ መንገዱ ይሸረሸራል። ይህ እንኳ አገር ያወቀው እውነት ነው፤ በኛ በኩል ማሳውን ጎርፍ የበላበት ሁሉ ያውቀዋል። መፍትሔው ግን እኔን ነው የጎዳው። መሬቱ ሌሊቱን በውርጭ ደርቆ ሳለ ገብቶ፣ ፀሐይ ሳታቀልጠው መውጣት አለበት። ስለዚህ ገና ሳይነጋ የጋራዡ በር ይንጓጓል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ሕፃኗ የልጅ ልጄ ትነቃለች፤ ለሕፃኗ የሚነሣውስ ማን ነው? እሱ እንደሆነ ተራራ ላይ ነው። እሑድ ሲሆን ከዚያው በቀጥታ ቅዳሴ ይመጣል፣ ብስክሌቱን መኪናው ጀርባ እንዳንጠለጠለ። ከቅዳሴ ስንወጣ እኩዮቼ መኪናውን ከበው፣ «ይህ የማን ነው?» ይላሉ። እኔ ጫማዬን አስራለሁ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ታሪኩን አንብቤያለሁ፤ ሳያውቅ የሚያማርር አይደለሁም። ጀማሪዎቹን አከብራቸዋለሁ። በ1976 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ፣ እነ ጌሪ ፊሸር፣ ቻርሊ ኬሊና ጆ ብሪዝ ከታማልፓይስ ተራራ አጠገብ ባለ ቁልቁለት የሚሽቀዳደሙት ከውዳቂ በለቀሙት አሮጌ ብስክሌት ነበር። ፍሬኑ ከኋላው ቸርኬ እምብርት ውስጥ ነው፤ ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ግሪሱ ነድዶ ይጨስ ስለነበር በየዙሩ ፈትቶ ግሪስ መሙላት ግድ ነበር። በዚያው ዓመት እዚሁ ኮሎራዶ፣ ክረስትድ ቢዩት የምትባል የድሮ የማዕድን ከተማ ሰዎች፣ ከተማ ውስጥ የሚላላኩባቸውን አሮጌ ብስክሌቶች ይዘው ከ3,800 ሜትር በላይ የሆነውን ፐርል ፓስ ተሻግረው አስፐን ገቡ። የሚላላኩባቸውን ነው የምላችሁ! ሲሸከም የኖረ ብስክሌት አንድ ቀን ቢጫወት ማን ይቆጣዋል? ጣጣው የመጣው ፋብሪካ ሲገባበት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በገፍ ተመርቶ ገበያ ወጣ፤ መጫኛውም መቆሚያውም ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ አልታወቀም።

አማቼ ይህን ስነግረው፣ «አባባ፣ ለእርስዎ እኮ ስፖርቱ እንግዳ ነው» አለኝ። ለኔ! ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ መጀመሪያ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ነበሩ። የተራራ ብስክሌት ኦሎምፒክ የገባው ገና በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ነው፤ ኃይሌ በ10,000 ሜትር ወርቁን ባጠለቀ ማግስት። ባርት ብረንትየንስ የሚባል የኔዘርላንድ ሰው አሸነፈ አሉ። እኛ በዚያ ሰሞን ስለ ኃይሌና ስለ ፋጡማ ሮባ ስንጮኽ ድምፃችን ተዘግቶ ስለነበር አልሰማንም።

ወደ ውድድሩ ልምጣ። ከውድድር ሲመለስ አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቀው፦ ስንተኛ ወጣህ? ሩጫ የሚያውቅ አገር ልጅ ሌላ ምን ይጠይቃል? መልሱ ግን አጭር አይደለም። በዕድሜው ክልል ይህን ያህል፣ በምድቡ ይህን ያህል፣ ጎማው ባይተነፍስ ኖሮ ይህን ያህል፣ ከአምናው ሰዓቱ ይህን ያህል ደቂቃ የተሻለ። ምድቡ ሲከፋፈል፣ ሲከፋፈል መጨረሻ የሚወጣ ሰው ይጠፋል። ሽልማቱስ? ካናቴራ። ቤቱ በካናቴራ ተሞልቷል፤ ባለቤቴ ወለል የምትወለውለው በውድድር ካናቴራ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ደግሞ ለጸደዩ አይደለም፤ በነሐሴ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ሌድቪል ላይ ለሚደረገው፣ 160 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው ውድድር ነው። በ12 ሰዓት ውስጥ ለጨረሰ የቀበቶ ዘለበት ይሰጠዋል፤ ከ9 ሰዓት በታች ለገባ ደግሞ ተለቅ ያለ ዘለበት። ዘለበት! ያ ሰውነት ላይ የተለጠፈ ቁምጣ ቀበቶ አያስገባ፤ የሥራ ሱሪውን እንደሆነ ስለ ከሳ ባለቤቴ በየጊዜው ታጠብበዋለች። ዘለበቱን የት ሊያስረው ነው?

ከፋሲካ በኋላ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ልጄ ሥራ ስለገባች የሚያግዘው ጠፋ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ቤት ተቀምጧል። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ አራት ሰዓት ይነዳል። 3,400 ሜትር ግድም ላይ ዋሻ አለ፤ ሚያዝያ አልቆም እዚያ በረዶ ነው። ዋሻውን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ፍሩታ የምትባል የበረሃ ከተማ ትደርሳላችሁ፤ ከባሕር ዳር ዝቅ ትላለች፤ መሬቱ ቀይ፣ አየሩ ደረቅ። የዴንቨሮቹ መንገድ ገና ጭቃ ሳለ የዚያኛው ስለሚደርቅ ነው ብስክሌተኛ ሁሉ በጸደይ ወደዚያ የሚጎርፈው። ውድድሩ 18 ሰዓት ይፈጃል፤ አራት ሆነው እየተፈራረቁ ይዞራሉ። የሚጀመረውም እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተጀምሮ ማታ 12 ሰዓት ያልቃል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት በኛ አገር ከቤቱ የሚወጣ ጅብ ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ስላለው ነው።

የማጣጠፍ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ያችኑ የተበላሸች ጋቢ ደርቤያለሁ። ከቡድኑ አንዱ፣ ፂማም፣ ሳቂታ ፈረንጅ፣ መጣና በአክብሮት አንድ ነገር እጄ ላይ አኖረ። የላም ቃጭል። ጋላቢ ባለፈ ቁጥር እንድደውል ነው፤ የዚህ ስፖርት ወግ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ብስክሌቱ ላይ ደወል አያስገጥሙም፣ ክብደት ይጨምራላ፤ ደወሉን ለእኔ አሸከሙኝ። ደወልኩ። እስኪነጋ ደወልኩ። ክንዴ ዝሎ ስተወው «አባባ፣ አይተዉ!» ይሉኛል። ስሜ ነው የመሰላቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ የማላውቀው ፈረንጅ ሁሉ፣ «ሃይ አባባ!» እያለኝ ያልፋል።

ንጋት ላይ አማቼ ዙሩን ጨርሶ ሲመጣ ፊቱ አመድ ነው። በውድድር መሐል የሚመጥጡት በትንንሽ ላስቲክ የታሸገ ዝልግልግ ጣፋጭ አለ፤ ሆዱ አልቀበል ብሎታል። ባለቤቴ የቋጠረችለትን ጭኮ አውጥቼ ሰጠሁት። ቅቤው ምርጥ ነው፣ ገብሱም በደንብ የተቆላ። በላ፣ ነፍሱ ተመለሰች፣ ጓደኞቹም ቀመሱ፣ ወደዱ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ብሎኝ በተመለስኩ። ፂማሙ ግን «በ100 ግራም ስንት ካርቦሃይድሬት አለው?» ብሎ ጠየቀ፤ አማቼም ቤት እንደገባ የባለቤቴን ጭኮ ኩሽና ሚዛን ላይ አውጥቶ፣ በቢላ እኩል እኩል ቆርጦ፣ በላስቲክ አሽጎ፣ በየላስቲኩ ላይ ቁጥር ጻፈበት። ዕድሜዋን ሙሉ በዓይኗ ስትለካ የኖረች ሴት ቆማ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ተወው፤ ልጁ ከስቷል» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ?

አሁን ደግሞ በልጅ ልጄ መጥተዋል። ሁለት ዓመት ተኩል ለሞላት ሕፃን ብስክሌት ተገዛ፤ ይህኛው ፔዳል ለብቻው አይሸጥለትም፣ ከነጭራሹ የለውም። በእግሯ እየረገጠች ሚዛን እንድትለምድ ነው አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሠፈራችን መናፈሻ ውስጥ የሕፃናት ውድድር ነበርና ደረቷ ላይ ቁጥር ለጥፈው አሰለፏት። መሐል ላይ ጉንዳን አይታ ቆመች። አባቷ ከዳር «ሂጂ! ሂጂ!» ይላል፣ እናቷ ትቀርጻለች፣ ቃጭሉ እኔ ጋ ነው። ጉንዳኑ ሲያልፍ እሷም ተነሥታ ገባች፤ ሜዳሊያም አጠለቁላት፣ ለሁሉም አጠለቁ። ስንተኛ ወጣሽ ብላት «አንደኛ» አለች። ይህች እንኳ አጭር መልስ ታውቃለች።

ማታ አሻንጉሊቷን ይዛ ጋራዥ መጣች። ኮርቻው ላይ አስቀመጠቻት፣ ወደቀች፤ መሪው ላይ ሰካቻት፣ ወደቀች። የጫማ ካርቶን ፈለግኩ፣ በሲባጎ ከኋላ አጥብቄ አሰርኩላት፣ አሻንጉሊቷ ገባች፣ አንድ ሙዝም ጨመርን። አማቼ ከሥራ ሲመለስ አየው።

«አባባ፣ እሱ እኮ ክብደት ይጨምርባታል።»

በሻንጣው ሚዛን አንጠልጥዬ አሳየሁት፤ ከነሙዙ 400 ግራም አይሞላም። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየና፣ ሲባጎውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ብንቀይረው 20 ግራም እንደሚቀንስ ነገረኝ።